ውሻ እና አፓርታማ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ውሻ ለማሳደግ ሲያስብ መጀመሪያ የሚያየው የውሻውን መጠን ነው። ቤቱ ትንሽ ስለሆነ ውሻውም ትንሽ መሆን አለበት ብሎ ይደመድማል። እኔም ድሮ እንደዚያ ነበር የማስበው። ከዚያ አራተኛ ፎቅ ላይ ከሁለት ውሾች ጋር ብዙ ዓመት ኖርኩ። አንዷ ቁመቷ ከጉልበቴ በታች ነበር። ሌላው ሲቆም ወገቤ ይደርሳል። ቤቱን ያጠበበችብኝ ትንሿ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ጉዳይ ሰው ሲጠይቀኝ በአንድ ቃል መመለስ አልችልም። ደጋግመው የሚመጡትን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ።

ውሻን አፓርታማ ውስጥ ማኖር በደል አይሆንበትም?

አፓርታማ በመሆኑ ብቻ አይሆንም። ጤነኛ ጎልማሳ ውሻ በቀን ከ12 እስከ 14 ሰዓት ያህል ተኝቶ ነው የሚውለው። ለዚህ የሚያስፈልገው የሚሞቅ ጥግ ነው፤ የሚወደው ሰው አጠገቡ ካለ ደግሞ ሌላ አይፈልግም።

ግቢ ያለው ሰው ውሻው ቀኑን ሙሉ የሚሮጥ ይመስለዋል። እስቲ አንድ ቀን ቁጭ ብላችሁ እዩት። ለአምስት ደቂቃ ይዞራል፤ አጥሩን ያሸታል፤ ከዚያ በሩ ሥር ተጋድሞ ሰው ይጠብቃል። ግቢ ስላለ ብቻ ውሻ ተንቀሳቀሰ ማለት አይደለም።

የአፓርታማው ልዩነት ሌላ ነው። ግቢ ያለው ሰው ውሻው ሌሊት ሽንቱ ቢመጣ በሩን ይከፍትለትና ተመልሶ ይተኛል። እናንተ ግን ጫማ ታደርጋላችሁ፤ ገመዱን ትፈልጋላችሁ፤ ደረጃ ትወርዳላችሁ። ዝናብ ቢዘንብም፣ ጉንፋን ቢይዛችሁም፣ እንግዳ ቤት ቢሞላም። በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ፣ ለአሥርና ከዚያ በላይ ዓመታት። ይህን አስባችሁ ልባችሁ ካልከበደ የቤቱ ስፋት ብዙም አያስጨንቃችሁ።

ትንሽ ውሻ ለትንሽ ቤት ይሻላል አይደል?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጃክ ራስል ቴሪየርን እንውሰድ። ክብደቱ ከ6 እስከ 8 ኪሎ ነው፤ በአንድ ክንድ ይታቀፋል። ዝርያው የወጣው ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ፣ ቀበሮን ከጉድጓዱ እንዲያስወጣ ነው። ሰዎቹ የፈለጉት ጨለማ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ፣ ከእሱ የማያንስ አውሬ ፊት ቆሞ፣ ሳይታክት የሚጮህ ውሻ ነበር። አገኙትም። ያ ጉልበትና ያ ድፍረት ሳሎን ስለገባ አልጠፋም። ሶፋ ይቆፍራል። ኮሪደሩ ላይ ኮቴ በሰማ ቁጥር ይነሳል። በቂ ሥራ የሚሰጠው ሰው ካገኘ ግሩም ጓደኛ ነው፤ ካላገኘ ግን ለቤቱም ለራሱም ይከፋል።

አሁን ደግሞ ግሬይሃውንድን እዩት። 30 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በሰዓት ወደ 70 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ፍጥነት ይሮጣል። ይህን የሰማ ሰው ሰፊ ሜዳ የሚያስፈልገው ውሻ ይመስለዋል። ግሬይሃውንድ ግን የአጭር ርቀት ሯጭ ነው። ለጥቂት ሰከንዶች ይፈተለካል፤ ከዚያ ይተኛል። ሲነቃ ቦታ ቀይሮ እንደገና ይተኛል። ብዙም አይጮህም። ከሩጫ ውድድር ጡረታ ወጥተው አፓርታማ ውስጥ በሰላም የሚኖሩ ብዙ ናቸው። ሁለት ነገር ብቻ ልብ በሉ። ሰውነቱ ብዙ ስብ የለውም፤ ጸጉሩም ስስ ነው። ስለዚህ ለስላሳ መኝታ ይፈልጋል፤ በብርድ ጊዜም ልብስ ያስፈልገዋል። ደግሞ የሚሮጥ ትንሽ እንስሳ ካየ ጥሪ አይሰማም። አጥር በሌለበት ቦታ ገመዱን አትፍቱለት።

የኔ ትልቁ ውሻ ግሬይሃውንድ አልነበረም፤ ክልስ ነበር። ጠባዩ ግን እንደዚያ ነበር። ጠዋት ወጥቶ ከገባ እስከ ቀትር ድምፁ አይሰማም። እግር እግሬ እየገባ የሚያደናቅፈኝ እንኳ ምግብ ሰዓት ላይ ብቻ ነበር።

ታዲያ ከመጠን ይልቅ ምኑን ልይ?

የቀድሞ ሥራውን። ስለ አንድ ዝርያ ከመወሰናችሁ በፊት «ይህ ውሻ የተራባው ምን እንዲሠራ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የመልሱ ግማሽ እዚያ ውስጥ አለ።

ቦርደር ኮሊ ቀኑን ሙሉ በግ እንዲያግድ የተራባ ነው። ዓይኑን ከመንጋው አይነቅልም። ቤት ውስጥ መንጋ ከሌለ ልጆችን ያግዳል፤ ተረከዝ ይከተላል፤ አንዳንዱ ግድግዳ ላይ የምትንቀሳቀስ የብርሃን ነጠብጣብ ሲያሳድድ ይውላል። ይህ የሚያስቅ ይመስላል፤ ግን ሥራ የፈታ አእምሮ ጭንቀት ነው።

ቢግል በቡድን ሆኖ ጥንቸል የሚያድን ውሻ ነበር። አዳኞቹ ከኋላ የሚከተሉት በድምፁ ስለነበር፣ ርቆ የሚሰማ ረጅም ድምፅ ያለው ተመረጠ። ያ ድምፅ ስስ ግድግዳ አልፎ ሦስት ቤት ያዳርሳል። ሃስኪም በሳይቤሪያ በረዶ ላይ ተንሸራታች ጋሪ እየጎተተ ረጅም መንገድ የሚሄድ ውሻ ነው። ሲከፋው አይጮህም፤ ያላዝናል። ጸጉሩም ሲረግፍ ቤቱን ይሞላዋል።

ግሬት ፒሬኔስን የመሰሉ የመንጋ ጠባቂዎችን በተመለከተ ጠንከር ያለ ምክር አለኝ። ቤት ውስጥ በጣም ረጋ ያሉ ናቸው፤ ብዙ ሰውም በዚህ ይታለላል። ሥራቸው ግን ሌሊት ነበር። በጎቹን ለመጠበቅ በጨለማ የሚሰማ ማንኛውንም ድምፅ በጩኸት ይመልሳሉ። አፓርታማ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ድምፅ አያጣም። በር ይዘጋል፤ ውሃ ይወርዳል፤ ሰው ደረጃ ይወጣል። ውሻው በመጮሁ ጥፋተኛ አይደለም። የተሰጠውን ሥራ እየሠራ ነው።

ባሴንጂ የተለየ ታሪክ አለው። ከመካከለኛው አፍሪካ የመጣ አዳኝ ውሻ ሲሆን እንደ ሌሎቹ ውው አይልም። እንደ ዘፈን ያለ ድምፅ ነው የሚያወጣው። ይህን ሰምተው ብቻ የሚወስዱት ሰዎች አሉ። ነገር ግን ጉልበቱ ብዙ ነው፤ ሲሰለቸው ያገኘውን ያኝካል። ዝምተኛ የሆነ ሁሉ ረጋ ያለ ነው ማለት አይደለም።

እሺ፣ ለአፓርታማ የሚመቹትን በስም ጥቀሽልኝ።

ለዘመናት ሰው አጠገብ ከመቀመጥ በቀር ሌላ ሥራ ያልተሰጣቸው ዝርያዎች አሉ። ካቫሊየር ኪንግ ቻርልስ ስፓኒየል፣ ማልቲዝ፣ ሺትዙ እና ቢሾን ፍሪዜ ከእነሱ መካከል ናቸው። መጠነኛ የእግር ጉዞ ይበቃቸዋል፤ ከእንግዳ ጋር ቶሎ ይግባባሉ። ከባዱ ነገር ሰው ይወዳሉ፤ በጣም ይወዳሉ። ብቻቸውን መዋል ይከብዳቸዋል። ካቫሊየር ላይ ደግሞ የልብ ቫልቭ በሽታ በብዛት ይታያል። ቡችላ ከመውሰዳችሁ በፊት የእናትና የአባቱ ልብ በሐኪም መታየቱን ጠይቁ። ይህን ጥያቄ የማይወድ አርቢ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

ፑድልም ጥሩ ምርጫ ነው። በሦስት መጠን ይመጣል፤ ጸጉሩ ብዙ አይረግፍም። ግን በየአራት እስከ ስድስት ሳምንቱ መቆረጥ አለበት፤ አለበለዚያ ይቋጠራል። በጣም ብልህ ስለሆነ አዲስ ነገር ካላስተማራችሁት ራሱ ይፈጥራል።

ከትልልቆቹ ግሬይሃውንድን ጠቅሻለሁ። ግሬት ዴንም ቤት ውስጥ ለስላሳ ነው። እሱን ስታስቡ ግን ሊፍቱን አስቡ። ከ50 ኪሎ በላይ የሆነ ውሻ እግሩን ቢታመምና ሊፍቱ ባይሠራ ማን ተሸክሞት ይወርዳል? ዕድሜውም አጭር ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 ዓመት።

ፍሬንች ቡልዶግ በሁሉም ቦታ አያለሁ። እሱስ?

እውነት ነው፣ በዝቷል። አሜሪካ ውስጥ ላብራዶር ለ31 ዓመታት የውሻ ዝርያዎችን በሚመዘግበው በአሜሪካን ኬኔል ክለብ አንደኛ ሆኖ ቆይቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ቦታውን የወሰደበት ፍሬንች ቡልዶግ ነው። ትንሽ ነው፤ ብዙ አይጮህም፤ ረጅም መንገድ አይፈልግም። በወረቀት ላይ የአፓርታማ ውሻ ማለት እሱ ነው።

ግን ሲተነፍስ ስሙት። ያ ሲያንኮራፋ የሚያሳሳ ድምፅ ከጠበበ የአየር መተላለፊያ የሚወጣ ነው። ውሻ እንደ ሰው በቆዳው አያልበውም። ሙቀቱን የሚያወጣው በዋነኛነት በማለክለክ ነው። አፍንጫው ያጠረ ውሻ ይህን በደንብ ማድረግ አይችልም። ፐግ የሚባለው ዝርያም እንደዚሁ ነው። ፀሐይ በቀጥታ የሚገባበት፣ መስኮቱ የተዘጋ አፓርታማ ለእነዚህ ውሾች አደገኛ ነው። ሞቃት ቀን ላይ ብዙ ፎቅ በደረጃ ማውጣትም እንደዚያው።

አትውሰዱ ብዬ አልፈርድም። ቀድሞ ቤታችሁ ካለም በፍቅር ያዙት። ክብደት እንዲጨምር አትፍቀዱ፤ በጠዋትና በምሽት ብቻ አውጡት፤ በአንገት ማሰሪያ ፋንታ ደረቱን የሚይዝ ማሰሪያ አድርጉለት። አዲስ የምትፈልጉ ከሆነ ግን አፍንጫው ረዘም ያለ ውሻ ፈልጉ። ውሻ ትንፋሽ እያጠረው ሲሰቃይ ማየት ከባድ ነው።

ዝርያው የማይታወቅ ክልስ ውሻ ብወስድስ?

በደስታ ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2022 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ነበር። ተመራማሪዎቹ ከ18,000 በላይ ውሾችን በተመለከተ ከባለቤቶቻቸው መረጃ ሰብስበው፣ ከእነሱም የ2,000 ገደማውን ዘረመል መረመሩ። በአንዱ ውሻና በሌላው መካከል ካለው የባህሪ ልዩነት ዝርያ የሚያስረዳው 9 በመቶ ገደማውን ብቻ ሆኖ ተገኘ። የሰውን ትእዛዝ ቶሎ መቀበልን የመሰሉ ጥቂት ባህሪያት ከዝርያ ጋር ጠበቅ ብለው ተገናኝተዋል። የቀረው ግን ከውሻ ውሻ ይለያያል።

ከላይ ስለ ዝርያ ያልኩትን ሁሉ ይህ አያፈርሰውም። ዝርያ ፍንጭ ይሰጣል። የመጨረሻውን መልስ የሚሰጣችሁ ግን ፊታችሁ የቆመው ውሻ ነው። ሰነፍ የሆነ ጃክ ራስል አለ። ቀኑን ሙሉ የማያርፍ ካቫሊየርም አለ። ስለዚህ ከተቻለ ሁለት ሦስት ጊዜ ሄዳችሁ እዩት። ገመድ አድርጋችሁ አብራችሁ ተራመዱ። በር ሲንኳኳ ምን ያደርጋል? ሌላ ውሻ ሲያልፍስ? ሲደነግጥ ቶሎ ይረጋጋል ወይስ ለረጅም ጊዜ ይንቀጠቀጣል? ይህ የመጨረሻው ለአፓርታማ ከሁሉም ይበልጣል። ድንገተኛ ድምፅ የማያልቅበት ሕንፃ ውስጥ ነውና የሚኖረው።

ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ነኝ። ብቻውን መዋል ይችላል?

የለመደ ጎልማሳ ውሻ አራት፣ አምስት ሰዓት ያለችግር ይቆያል። ከዚያ በላይ ከሆነ መሐል ላይ የሚያወጣው ሰው ያስፈልጋል። ዘመድ ሊሆን ይችላል፤ የጎረቤት ልጅ ሊሆን ይችላል፤ ተከፍሎት የሚመጣ ሰውም ሊሆን ይችላል። ከጠዋት እስከ ማታ በየቀኑ ብቻውን የሚውል ከሆነ፣ እና መሐል ላይ የሚደርስለት ከሌለ፣ አሁን ጊዜው አይደለም። ይህን ስናገር ሰው እንደሚከፋው አውቃለሁ።

ትንሿ ውሻዬ ያስተማረችኝ ይህንን ነው። ቤት ውስጥ እያለሁ ድምፅ የላትም ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ በሬ ሥር የተጣለ ወረቀት አገኘሁ። «ውሻሽ ቀኑን ሙሉ ታለቅሳለች» ይላል። አላመንኩም። በማግስቱ ስልኬን ድምፅ እየቀዳ ትቼው ወጣሁ። ማታ ቁጭ ብዬ ሰማሁት። ከወጣሁ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ማላዘን ጀምራለች። አንዳንዴ ትቆማለች፤ ሊፍቱ ሲከፈት እንደገና ትጀምራለች። እኔም ማልቀስ ጀመርኩ።

ስለዚህ መጀመሪያ ቅዱ፤ በቪዲዮ ከሆነ ይበልጥ ጥሩ። የመለያየት ጭንቀት ያለበት ውሻ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ይታወቃል። በሩን ይቧጥጣል፤ ለሃጩ ይዝረበረባል፤ ውጭ መጸዳዳት የለመደው ቤት ውስጥ ይሸናል። ጫማ እየመረጠ የሚያኝክና ከዚያ የሚተኛ ውሻ ግን ምናልባት ሰልችቶት ይሆናል። ሁለቱ የተለያየ መድኃኒት ነው ያላቸው።

ለጭንቀቱ የሚሠራው ቀስ ብሎ ማለማመድ ነው። ቁልፍ አንሱና ተመልሳችሁ ተቀመጡ። ይህ ምንም እስከማይመስለው ድረስ ደጋግሙት። ከዚያ ወጥታችሁ አሥር ሰከንድ ቆዩ። ከዚያ ግማሽ ደቂቃ፣ ከዚያ ሁለት። ቁም ነገሩ ሳይደነግጥ መመለሱ ነው። ከደነገጠ ረዝሟል ማለት ነው፤ ወደኋላ ተመለሱ። እኔ አርባ ደቂቃ ለመድረስ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል። በዚያ ጊዜ ብቻዋን እንዳትሆን የሰው እርዳታ እለምን ነበር። ቅጣት በፍጹም አይሠራም፤ የፈራን ውሻ ይበልጥ ማስፈራት ነው። በጣም ከከፋ የእንስሳት ሐኪም አማክሩ። ከልምምዱ ጋር አብሮ የሚሰጥ መድኃኒት አለ፤ መጠቀሙ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ሁለተኛ ውሻ ብጨምርለት አይለቀውም?

አብዛኛውን ጊዜ አይለቀውም። የናፈቀው እናንተን ነው። የኔዋ ትልቁ አጠገቧ ተኝቶ እያለ ነበር የምታላዝነው። ሁለት ቡችላ በአንድ ጊዜ መውሰድ ደግሞ ሥራውን ከሁለት እጥፍ በላይ ያደርገዋል።

ጎረቤቶች በጩኸቱ ተማረዋል። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ የሚጮህበትን ምክንያት ለዩ። ቤት ውስጥ እያላችሁ ነው ወይስ ስትወጡ? ስትወጡ ከሆነ ከላይ ያለውን መልስ ተመልከቱ።

ቤት ውስጥ እያላችሁ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የሰማው ነገር አለ። ሰው እስከ 20,000 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ) ድረስ ያለ ድምፅ ይሰማል። ውሻ እስከ 45,000 ገደማ ይደርሳል። እናንተ ፀጥታ ነው የምትሉት ሰዓት ለእሱ ፀጥታ አይደለም። ስለዚህ መኝታውን ከመግቢያው በር አርቁት። ሬዲዮ ወይም ማራገቢያ ዝቅ አድርጋችሁ ክፈቱ፤ የኮሪደሩን ድምፅ ይሸፍናል። መስኮት ሥር ያለው ሶፋ መቆሚያው ከሆነ ሶፋውን አንሱት ወይም የመስታወቱን የታችኛውን ክፍል ሸፍኑት። ወፍራም ምንጣፍም ድምፅ ይውጣል። ለስላሳ ሴራሚክ ላይ እግሩ እንዳይንሸራተትም ይረዳል።

ሲጮህ አብራችሁ አትጩሁ። ለእሱ እናንተም እየጮሃችሁለት ነው የሚመስለው። ይልቅ በሩ ሲንኳኳ ተነስታችሁ፣ «አመሰግናለሁ፣ ሰምቻለሁ» በሚል ረጋ ባለ ድምፅ ወደ መኝታው ውሰዱትና እዚያ ጉርሻ ስጡት። በቀን አሥር ጊዜ ማድረግ ሊያስፈልግ ይችላል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ኮቴ ሲሰማ ወደ እናንተ የሚሮጥ ውሻ ይኖራችኋል። በኤሌክትሪክ የሚነዝር የአንገት ማሰሪያ የሚመክራችሁ ሰው ይኖራል። አትስሙት። ጩኸቱን ሊያቆም ይችላል፤ ፍርሃቱን ግን ያባብሰዋል። የፈራ ውሻ ደግሞ አንድ ቀን ሳይጮህ ይነክሳል።

ጎረቤት ጋር ደግሞ ችግር ሳይመጣ ሂዱ። ውሻ እንደመጣ አንኳኩና ንገሯቸው፤ ስልክ ቁጥራችሁን ስጧቸው፤ ሲረብሻቸው እንዲደውሉ ለምኗቸው። ሰው አስቀድሞ ከተነገረው ብዙ ይታገሣል። ወረቀት የጣለችልኝ ጎረቤቴ ኋላ ላይ ቀን ቀን ውሻዬን የምትወስድልኝ እሷው ሆነች።

በቀን ምን ያህል መራመድ አለበት?

ለብዙ ጎልማሳ ውሾች ከ30 እስከ 45 ደቂቃ የሚሆኑ ሁለት ጉዞዎች፣ መሐል ላይም ለሽንት አጭር መውጫ ጥሩ መነሻ ነው። ቦርደር ኮሊ በዚህ አይጠግብም። ሺትዙ ሊበዛበት ይችላል።

ከደቂቃው ይልቅ አፍንጫው ላይ አተኩሩ። የሰው አፍንጫ 5 ሚሊዮን ገደማ ሽታ ተቀባይ ሕዋሳት አሉት። የውሻ ከ100 ሚሊዮን በላይ ነው። ለእሱ አንድ የዛፍ ግንድ ማሽተት እንደ ጋዜጣ ማንበብ ነው። እየጎተትን ስናሮጠው ጋዜጣውን ከእጁ እየነጠቅነው ነው። ቢያንስ አንዱን ጉዞ ለእሱ ተዉለት። ይቁም፤ ያነፍንፍ፤ መንገዱን ይምረጥ። ሃያ ደቂቃ እንደልቡ ያነፈነፈ ውሻ ደክሞት ይገባል።

ዝናቡ አላስወጣ ካለ ቤት ውስጥም ይሠራል። ከቀለቡ ትንሽ አንሱና ፎጣ ውስጥ ጠቅልላችሁ ስጡት። ወይም ባዶ ካርቶን ውስጥ ወረቀት ሞልታችሁ ቀለቡን በመሐሉ በትኑለት። ቤቱ ይቆሽሻል፤ ግን በአምስት ደቂቃ ይጠረጋል።

ቡችላ ልውሰድ ወይስ ጎልማሳ?

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ፣ ፎቅ ላይም ከሆናችሁ፣ ጎልማሳ ውሰዱ። መጠኑ ታውቋል፤ ጠባዩ ታውቋል፤ ሽንቱን መያዝ ይችላል።

የሦስት ወር ቡችላ ሽንቱን ከሦስት፣ ቢበዛ ከአራት ሰዓት በላይ አይዝም። ሌሊትም መነሳት አለ። ከእንቅልፍ ሲነቃ፣ ከበላ በኋላ፣ ከተጫወተ በኋላ ወዲያው መውጣት አለበት። አራተኛ ፎቅ ላይ ይህ ሩጫ ነው፤ ታቅፋችሁት ውረዱ፣ ደረጃው ላይ ያመልጠዋልና። አምልጦት የሸናበትን ቦታ በኢንዛይም በሚሠራ፣ የሽንቱን ቅሪት በሚያፈርስ ማጽጃ አጽዱት። አሞኒያ ያለበትን አትጠቀሙ፤ ሽታው ሽንት ስለሚመስለው ተመልሶ እዚያው ይሸናል።

አንድ ጭንቀት ደግሞ አለ። የቡችላ ክትባት እስከ 16ኛው ሳምንት አካባቢ ይቀጥላል። ዓለምን ያለፍርሃት የሚለማመድበት ጊዜ ግን ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ገደማ ነው። ክትባቱ እስኪያልቅ ቤት ከዘጋችሁበት ያ ጊዜ ያልፋል። መፍትሔው ማቀፍ ነው። ሌሎች ውሾች የሚጸዳዱበት መሬት ላይ ሳታስቀምጡት ወደ ሊፍት፣ ወደ መግቢያው፣ ወደ መንገዱ አውጡት። ይይ፤ ይስማ። የት የት ቦታ መሬት ላይ ልታስቀምጡት እንደምትችሉ ሐኪሙን ጠይቁ።

ሊፍት ይፈራል።

በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ከሩቅ እያየ ጉርሻ ይብላ፤ መግባት በኋላ ይመጣል። አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ አስታውሱ። ገመዱን አሳጥራችሁ ያዙ፤ አብራችሁ ግቡ፤ አብራችሁ ውጡ። ውሻው ውጭ ቀርቶ በሩ ገመዱ ላይ ከተዘጋ የሚሆነውን ማሰብ አልፈልግም።

በረንዳው ላይ ቢጸዳዳስ?

ለቡችላ ወይም ለታመመ ውሻ ለጊዜው ሽንት የሚመጥ ምንጣፍ ማንጠፍ ይቻላል። ከታች ያለው ሰው ራስ ላይ እንዳይንጠባጠብ ግን ተጠንቀቁ። ለውጭ ጉዞ ምትክ አይሆንም።

ከዚህ የሚያሳስበኝ መውደቅ ነው። ጭንቅላቱ የሚያልፍበት ክፍተት ካለ ትንሽ ውሻ ሙሉ ሰውነቱን ያሳልፋል። መረብ አስሩ። ወንበርና ሣጥን ከመከለያው አርቁ። ብቻውንም አትተዉት።

አለርጂ አለብኝ። የማያስነሳ ዝርያ አለ?

ፈጽሞ የማያስነሳ የለም። አለርጂ የሚያመጣው ፕሮቲን ያለው በምራቁ፣ በሚረግፈው ቆዳና በሽንቱ ውስጥ ነው። ፑድልና ቢሾን ጸጉራቸው ብዙ ስለማይረግፍ ቤቱ ላይ የሚበተነው ሊቀንስ ይችላል እንጂ ፕሮቲኑ አለ። ከዚያው ከምትወስዱት ውሻ ጋር ጥቂት ሰዓት፣ በተለያየ ቀን፣ ዝግ ክፍል ውስጥ ቆዩ። ከወሰዱት በኋላ መመለስ ውሻውን ይጎዳዋል።

ውሻዬ አርጅቷል። ደረጃው እየከበደው ነው።

መጀመሪያ ሐኪም ይየው። «ዕድሜ ነው» የምንለው አንዳንዴ የመገጣጠሚያ ሕመም ነው፤ ማስታገሻ አለው። ጥፍሩን አሳጥሩለት፤ የረዘመ ጥፍር ያንሸራትተዋል። ከመኝታው እስከ በሩ ድረስ የማያንሸራትት ምንጣፍ ዘርጉለት። ሶፋ ላይ መውጣት የለመደ ከሆነ መወጣጫ አስጠጉለት። ዳክስሁንድ ከሆነ ይህን በወጣትነቱም አድርጉ፤ ጀርባው ረጅም ስለሆነ ከከፍታ መዝለል አከርካሪውን ሊጎዳው ይችላል። ያረጀ ውሻ ቶሎ ቶሎ ሽንቱ ስለሚመጣ የመውጫውን ቁጥር ጨምሩ፤ ጉዞውን አሳጥሩ።

ለትልቅ ውሻ ጀርባው ላይ እጀታ ያለው ማሰሪያ ይሸጣል። እኔ በመጀመሪያ አላወቅሁም ነበር። በትልቁ ውሻዬ የመጨረሻ ዓመት ፎጣ በሆዱ ሥር አሳልፌ፣ ሁለቱን ጫፍ ይዤ፣ የኋላ እግሩን ቀለል እያደረግሁለት ነበር የምንወርደው። በየወለሉ እናርፋለን። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሁልጊዜ ይቆምና ወደ አንድ በር ያያል። የዚያች የጎረቤቴ በር ነው። ከፍታ ጆሮውን እስክታሻሸው ድረስ አይነቃነቅም ነበር።